ቁጥር የካባቸው፣ ቁጥር የረሳቸው

(ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ለተሰበሰቡ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችና ወዳጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ልጆቹ በስልክ ቀድተውት ነበር። እንዳለ ጻፍኩት። መደጋገሙንም ወሬ ማብዛቴንም አልነካሁትም።)

ያ ጀመአ፣ እንደምን አመሻችሁ? አልሰማሁም! እንደምን አመሻችሁ? እ፣ አሁን ድሬ ሆነ።

በዚህ ሙቀት ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ሰሌዳ ላይ አላወጣችሁም። (ሳቅ) ግማሻችሁን ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ፊት መቀመጥ የምትፈሩት ለምን እንደሆነ አይጠፋኝም። እናቶችና አባቶችም አያለሁ። አክብራችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልን፣ አላህ ይስጥልን።

ዛሬ እዚህ ያቆመኝ ባለፈው ሳምንት ሜዳው ዳር የተነሳው ጭቅጭቅ ነው። ሁለት ልጆች በአሜሪካዊው ተጫዋች በራስል ዌስትብሩክ ተጣሉ። አንዱ «ቁጥሩን እይ እንጂ!» ይላል። ሌላው «ቁጥሩ ነው የካበው አቦ፣ ባዶ ነው!» ይላል። ስልክ ተመዘዘ። ቁጥር ተወራወሩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩና «ቲቸር፣ አንተ ፍረድ» አሉኝ። እኔ አፌ ውስጥ ሳምቡሳ አለ። (ሳቅ) «ቅዳሜ እነግራችኋለሁ» ብዬ አመለጥኩ። ይኸው ቅዳሜም ደረሰ።

ስለዚህ ጥያቄው ይሄ ነው። ስታቲስቲክስ አንዳንድ ተጫዋቾችን ከልካቸው በላይ ይክባል ወይ? ሶስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ቁጥሩን ማን እንደሚጽፈው። ሁለተኛ፣ ቁጥር ካባቸው ስለሚባሉት። ሶስተኛ፣ ቁጥር ስለረሳቸው። በመሃል ወሬ ካበዛሁ ታገሱኝ። ዓመተ ምሕረቱንም በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ ጨዋታው የነሱ ነውና።

እሺ፣ አንደኛው። ቁጥሩን የሚጽፈው ማነው?

ሰው ነው! ጠረጴዛ ዳር የተቀመጠ፣ የሚያልበው፣ ሻይ የሚያምረው፣ ወንድምና ጓደኛ ያለው ሰው። እዚህ ድሬ ላይ ለብዙ ዓመት ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ነጥብ ያዥ። በዚህ ሙቀት ወረቀቱ ክንዴ ላይ እየተጣበቀ ስንት ጨዋታ ጽፌያለሁ መሰላችሁ።

ነጥብ ሲገባ መጻፍ ቀላል ነው። ሁሉም አይቶታል። አሲስትስ? አቀበልከው፣ ጓደኛህ ወዲያው አስገባ፤ አሲስት ነው። ግን ተቀብሎ፣ ሁለቴ አንጥሮ፣ አንዱን አታሎ ቢያስገባስ? የማቀበሉ ውጤት ነው ወይስ የራሱ ጥበብ? እዚህ ላይ ነጥብ ያዡ ዳኛ ይሆናል። ዳኛ ደግሞ ታውቃላችሁ። (ሳቅ)

አንድ ነገር ልናዘዝ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የሰፈሮች ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። የኛ ሰፈር አከፋፋይ፣ የልብ ጓደኛዬ፣ የውድድሩ ምርጥ አቀባይ ለመባል ሁለት አሲስት ጎደለው። ጨዋታው አለቀ። አልሞላም። እኔ ወረቀቱን አየሁ፣ እሱን አየሁ፣ እስክሪብቶዬን አየሁ። ሁለት ጭረት ጨመርኩለት። ሁለት ጭረት! ሽልማቱ ፔርሙዝ ነበር። እናቱ እስካሁን ሻይ ትቀዳበታለች። (ረጅም ሳቅ) ልጁም ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ እዚሁ መሃላችሁ ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም። አትዙሩ! አትዙሩ ብያለሁ!

ስለዚህ «ቁጥር አይዋሽም» ስትሉኝ እኔ ፔርሙዙ ትዝ ይለኛል።

ግን ፍትሐዊ እንሁን። በኤንቢኤ፣ በአሜሪካው ትልቁ ሊግ፣ ዛሬ በካሜራ ይታያል፣ ይመረመራል። እዚያ ዋናው ጣጣ የጭረት ማጭበርበር አይደለም። ጣጣው ሌላ ነው። የሚቆጠረው ለመቁጠር የቀለለው ነገር መሆኑ ነው። እስኪ ልጠይቃችሁ። ብሎክ፣ ማለትም የተወረወረን ኳስ አየር ላይ መመለስ፣ በኤንቢኤ መቆጠር የጀመረው መቼ ነው? … 1960? አይደለም። በ1973 በተጀመረው የውድድር ዘመን ነው። ስቲልም፣ ኳስ መንጠቁም፣ እንደዚያው። ቢል ራስል የሚባለው ሰው ከዚያ በፊት 13 ዓመት ተጫውቶ፣ 11 ዋንጫ ወስዶ ጫማውን ሰቅሏል። ከታላላቆቹ ብሎከሮች አንዱ ነው፣ በመዝገብ ላይ ግን የብሎክ ቁጥር የለውም። የለውም! ባዶ ሳጥን።

ይሄ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ያሻግረኛል። ቁጥር ካባቸው ወደሚባሉት።

ዊልት ቻምበርሌን። ማርች 2 ቀን 1962፣ ሄርሺ በምትባል የፔንስልቬንያ ከተማ፣ በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አገባ። ቡድኑ ኒውዮርክን 169 ለ 147 አሸነፈ። «100» የሚል ወረቀት ይዞ የተነሳውን ፎቶ አይታችኋል አይደል? ያቺን ወረቀት የጻፈው ሃርቪ ፖላክ ይባላል። የቡድኑ ቁጥር ያዥ ነበር። እኔ ዊልትን ሳይሆን እሱን ነው የምቀናበት። (ሳቅ)

ግን የዚያ ጨዋታ መጨረሻ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ? የኒውዮርክ ልጆች ዊልት ኳስ እንዳይነካ ሌሎቹን ፋውል ያደርጋሉ። የዊልት ጓደኞች ደግሞ ኳሱን ቶሎ መልሰው ለሱ ለመስጠት የኒውዮርክን ልጆች ፋውል ያደርጋሉ። ያ ጨዋታ ነው ወይስ ቆጠራ?

በዚያ ዓመት ዊልት በአማካይ በጨዋታ 50.4 ነጥብ አገባ። 25.7 ሪባውንድ፣ ማለትም ስቶ የተመለሰ ኳስ፣ ያዘ። ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው፤ እሱ በአማካይ 48.5 ደቂቃ ተጫወተ። ጭማሪ ሰዓት ስለነበረ ነው፣ ሒሳቡ አልተሳሳተም። እንግዲህ የዓመቱ ኮከብ ተጫዋች ማን ተባለ? ዊልት? አይደለም! ቢል ራስል። 18.9 ነጥብ ያገባው ራስል። መራጮቹስ እነማን ነበሩ? ጋዜጠኞች እንዳይመስሏችሁ። በዚያን ጊዜ የሚመርጡት ተጫዋቾቹ ራሳቸው ነበሩ። በክርናቸው የተጎሻሸሟቸው፣ ላባቸውን ያሸተቱ ሰዎች ባለ 50ውን ትተው ባለ 18ቱን መረጡ። ዋንጫውንም የራስል ቦስተን ወሰደ።

ዊልት ተካበ ማለቴ ነው? አይደለም። ዊልት ግዙፍ ነበር። ግን ቁጥሩን ስታዩ ዘመኑንም እዩ። ያኔ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከ100 በላይ ይወረውር ነበር። አሁን 90 ገደማ ነው። ብዙ ሲወረወር ብዙ ይገባል፣ ብዙ ይስታል፤ ስቶ የሚመለሰው ሁሉ ሪባውንድ ነው። ባጃጅ ነጂ «ዛሬ ከዚራ ሳቢያን 40 ጊዜ ተመላለስኩ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ጎበዝ! ቤንዚኑስ? ጎማውስ? ማታ ለባለቤቱ አስረክበህ ኪስህ ውስጥ ምን ቀረ? ውርወራ ቤንዚን ነው። ነጥቡን ብቻ የሚያወራ ሰው ቤንዚኑን እየደበቀባችሁ ነው።

እዚህ ላይ የሪኪ ዴቪስን ነገር ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ማርች 2003፣ ክሊቭላንድ ከዩታ። ክሊቭላንድ በዚያ ዓመት ከ82 ጨዋታ 17 ብቻ ነው ያሸነፈው። ያን ቀን ግን በሰፊው እየመራ ነው። የክሊቭላንዱ ሪኪ ትሪፕል ደብል፣ ማለትም ነጥብ፣ ሪባውንድና አሲስት ሶስቱንም አስርና ከዚያ በላይ፣ ሊሞላ አንድ ሪባውንድ ቀረችው። አንዲት! ሰዓቱ እያለቀ ነው። ምን አደረገ መሰላችሁ? ወደ ራሱ ቅርጫት ዞሮ ወረወረ። ወደ ራሱ! ሆን ብሎ ስቶ፣ የተመለሰውን ራሱ ሊይዝ። (ሳቅ) የዩታው ልጅ ተናድዶ ፋውል አደረገበት። ሪባውንዷም አልተመዘገበችለትም። የገዛ ቡድኑ በገንዘብ ቀጣው።

የምትስቁት እናንተ አይደላችሁም እንዴ ስልክ አስቀድታችሁ የገባውን ብቻ ቆርጣችሁ የምትለጥፉት? የሳታችሁትን አይቼ አላውቅም።

(እዚህ ላይ አዛን ተሰማ፤ እስኪያልቅ ጠበቅን።)

እሺ። ዌስትብሩክ። ዳኝነቱ ደረሰ።

በ2016 ክረምት የቡድን ጓደኛው ኬቪን ዱራንት ቡድናቸውን ኦክላሆማ ሲቲን ጥሎ ሄደ። ዌስትብሩክ ብቻውን ቀረ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን በአማካይ 31.6 ነጥብ፣ 10.7 ሪባውንድ፣ 10.4 አሲስት። 42 ትሪፕል ደብል። ከኦስካር ሮበርትሰን የ1962 ውድድር ዘመን ወዲህ ዓመቱን ሙሉ በአማካይ እንዲህ የሞላ አልነበረም። የዓመቱ ኮከብ ተባለ። ቡድኑ 47 ጨዋታ አሸነፈና በመጀመሪያው ዙር በሂውስተን 4 ለ 1 ተሸኘ።

የካበው ቁጥር ነው የሚሉት ሰዎች ክስ አላቸው። ስቲቨን አዳምስ፣ ያ ግዙፉ የቡድን ጓደኛው፣ ተጋጣሚውን በጀርባው ገፍቶ ይይዛል፤ ዌስትብሩክ በባዶ ሜዳ መጥቶ ኳሱን ያነሳል። ሪባውንዱ የሚጻፈው ለዌስትብሩክ ነው። የአዳምስ ጀርባ የሚጻፍበት ሳጥን የለም። ክሱ እውነት ነው።

ግን ወዳጆቼ፣ ለምን እንዲያ ተደረገ? ኳሱን አዳምስ ቢይዘው ዞሮ ዌስትብሩክን መፈለግ አለበት። ዌስትብሩክ ራሱ ከያዘው ወዲያው ይሮጣል። ሁለት ሰከንድ ተረፈ። በሁለት ሰከንድ ዌስትብሩክ የት እንደሚደርስ ታውቃላችሁ።

ሌላም አለ። ትሪፕል ደብል ባደረገባቸው 42 ጨዋታዎች ቡድኑ 33 አሸነፈ፣ 9 ተሸነፈ። «አየህ! ትሪፕል ደብሉ ነው የሚያሸንፈው!» ቆይ፣ ቀስ በል። አሲስት የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንተ ታቀብላለህ፣ ጓደኛህ ካላስገባው አሲስት የለም። ጓደኞቹ ኳስ በሚገባላቸው ቀን አሲስቱም ይበዛል፣ ድሉም ይመጣል። ታዲያ የቱ የቱን አመጣው? ዝናቡ ነው ጃንጥላውን ያመጣው ወይስ ጃንጥላው ዝናቡን? ድሬ ስለሆነ ሁለቱንም አናውቃቸውም። (ሳቅ)

ፍርዴ፤ ሽልማቱ አልተሰረቀም። ግን አማካዩ አስር ባይሞላ፣ 9.8 ቢሆን፣ ያን ያህል ባልጮኸ ነበር። በ9.8 እና በ10.2 መሃል ያለው ልዩነት ሜዳ ላይ አይታይም። እኛ ክብ ቁጥር ስለምንወድ ነው። ሁለታችሁም አልተሸነፋችሁም፤ ታረቁ።

አሁን ወደ ራሴ ቁስል ልግባ። አለን አይቨርሰን።

በ2001 ወጣት መምህር ነበርኩ። የኤንቢኤ ፍጻሜ፣ የአይቨርሰን ፊላደልፊያ ከሎስ አንጀለስ፣ በቪዲዮ ካሴት ነው የደረሰን፣ በጅቡቲ በኩል። ካሴቱ ከቤት ቤት ሲዞር ምስሉ ተበላሽቶ በረዶ የሚዘንብ ይመስላል። ሎስ አንጀለስ በዚያ ዓመት ጥሎ ማለፍ እስከ ፍጻሜው ድረስ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም ነበር። 11 ለ 0። አይቨርሰን ቁመቱ 183 ሳንቲም ነው፣ ከኔ እኩል ነው ማለት ይቻላል። የመጀመሪያውን ጨዋታ እዚያው ሜዳቸው ላይ 48 ነጥብ አግብቶ አሸነፋቸው። የሎስ አንጀለሱ ቲሮን ሉ መሬት ላይ ወድቆ፣ እሱ ተራምዶት ሲያልፍ! ካሴቱን እየመለስን ስንቴ አየነው። በማግስቱ የክፍሌ ልጆች ግማሹ እንደሱ ሹሩባ ተሠርቶ መጣ። ተቆጣሁ። በሆዴ ግን ፀጉር ቢኖረኝ እኔም እሠራ ነበር። (ሳቅ)

ዓመታት አለፉ። ኢንተርኔት መጣ። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ አይቨርሰንህ ኮከብ በተባለበት ዓመት ያገባው 42 በመቶ ብቻ ነው» አለኝ። አላመንኩም። አየሁት፤ እውነት ነው። ከ100 ውርወራ 58ቱን ይስታል! ያቺ የ48 ነጥብ ማታ እንኳ 41 ወርውሮ 18 ነው ያገባው። ተሸማቀቅኩ። ሒሳብ አስተማሪ ሆኜ ቤንዚኑን ሳልቆጥር ኖሬ! የግድግዳውን ፎቶ አወረድኩ። እውነቴን ነው፣ አወረድኩት።

በኋላ ግን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። እሱ ባይወረውር ማን ይወረውር ነበር? ቡድኑን አስታውሱ። ሙቶምቦ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ። ኤሪክ ስኖው፣ አሮን መኪ፣ እንደ ውሻ የሚጠብቁ ሰዎች። አሰልጣኙ ላሪ ብራውን ቡድኑን እንዲያ ነው የገነባው። አራቱ ይከላከሉ፣ አንዱ ያግባ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሶስት ሰከንድ ሲቀር የማይሆነው ኳስ ሁሉ እሱ እጅ ላይ ነው የሚወድቀው። የመጨረሻውን ወጥ ጠርጎ የሚበላ ልጅ «ለምን ምጣዱን ጠረገ» ተብሎ ይከሰሳል? ማን አስቀረለት?

ማስረጃም አገኘሁ። ዴንቨር ሄዶ ከካርሜሎ አንቶኒ ጋር ሲጫወት፣ በ2007-08፣ 26.4 ነጥብ አገባ፤ መቶኛውም 45.8 ሆነ። አጋዥ ሲያገኝ ተሻሻለ! ፎቶውን መልሼ ሰቀልኩ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። አላለቀም። በ2008 መጨረሻ ዴንቨር አይቨርሰንን ለዲትሮይት ሰጥቶ ቻውንሲ ቢለፕስን ወሰደ። ቢለፕስ ነጥቡ ያንሳል፣ ወሬውም ያንሳል። ዴንቨር በዚያው ዓመት እስከ ምዕራቡ ፍጻሜ ደረሰ። በፊተኛው ዓመት 59 ጨዋታ ያሸነፈው ዲትሮይት 39 ላይ ወረደ። ሁሉም በአይቨርሰን ምክንያት ነው አልልም፣ ዕድሜም ጉዳትም አለ። ግን እንዳልቆጥረው አድርጌ ማለፍ አልችልም። እኔ የደረስኩበት ይሄ ነው። በ2001 አልተካበም። በ2009 ስሙ ከጉልበቱ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ያው አንድ ሰው ነው። ፎቶው አሁንም ተሰቅሏል፣ ትንሽ ዘመም ብሎ።

ስለዚህ ቁጥር ስታነሱ አብራችሁ ጠይቁ፤ እሱ ባይኖርስ? እሱ ባይኖር ቡድኑ ምን ይሆን ነበር? ነጥቡ ያደረገውን ይናገራል። መኖሩ ምን እንደለወጠ ግን አይናገርም።

ሰዓቱ ሄዷል፤ ሶስተኛውን ላሳጥር። ቁጥር የረሳቸው።

ሼን ባቲየር የሚባል ነበር። በሙያ ዘመኑ በአማካይ 8.6 ነጥብ። ስልካችሁ ላይ ብታዩት ታልፉታላችሁ። ሂውስተን በ2006 ገና ወደ ሊጉ የተመረጠውን ወጣት ሩዲ ጌይን ሰጥቶ ነው እሱን የወሰደው። ሥራው ምን ነበር? የሎስ አንጀለሱ ኮከብ ኮቢ ብራያንት ሲወረውር ብሎክ አይሞክርም። ዝም ብሎ መዳፉን ዓይኑ ፊት ይዘረጋል፣ ወደሚጠላው ቦታም ይገፋዋል። ኮቢ ሲስት ማን ይመሰገናል? ማንም! ኮቢ ሳተ ነው የሚባለው። ባቲየር በኋላ ማያሚ ሄዶ በ2012 እና በ2013 ሁለት ዋንጫ ወሰደ።

እኛም ባቲየር ነበረን። ፓሎ እንለው ነበር፣ እንደ መብራት ፓሎ ረጅም ስለሆነ። አባቱ ምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ልጁ አይናገርም። ኳስ ሲሰጡት ወዲያው ይመልሳል፣ ትኩስ ድንች እንደያዘ ሰው። ሥራው መቆም ነው። ሄዶ ተከላካዩ መንገድ ላይ ይቆማል። ተከላካዩ ይጋጨዋል፣ የኛ አከፋፋይ ነጻ ይወጣል። ደረቱ ሁልጊዜ በልዞ ነው። ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለማን ነው? ላገባው።

ያቺ የፔርሙዝ ፍጻሜ ትዝ አለቻችሁ? በሁለተኛው አጋማሽ ፓሎ ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈ፣ ተቀመጠ፣ በመጨረሻ እያነከሰ ተመልሶ ገባ። ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀቱን ዘረጋሁ። ስለ ሁለቱ ጭረት ሕሊናዬ ይወቅሰኛል መሰል፣ እንቅልፍ እምቢ አለ። ተጫዋች ሲገባና ሲወጣ ውጤቱን ጠርዙ ላይ የመጻፍ ልማድ ነበረኝ። ደመርኩት። ፓሎ ሜዳ ላይ እያለ 41 ለ 27 መራን። እሱ በተቀመጠበት ሰዓት 13 ለ 22 ተበለጥን። ጨዋታውን 54 ለ 49 ወስደናል። ፓሎ ስንት አገባ? 4 ነጥብ። አሲስት ዜሮ።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ልጠንቀቅ። አንድ ጨዋታ ምንም አያረጋግጥም። ፓሎ የሚገባው ከምርጦቹ ጋር ነው፣ ሲወጣ ሌሎቹም ደክመዋል። ይሄኛውም ቁጥር ሰው ሊክብ ይችላል። ግን እስከዚያ ሌሊት ድረስ ፓሎን አይቼው አላውቅም ነበር። ዓመት ሙሉ ጠረጴዛ ዳር ተቀምጬ፣ ደብተር ይዤ፣ አላየሁትም። ያየሁት የሚጻፈውን ብቻ ነው።

ፓሎ በኋላ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ወረደ። ወደቡ ላይ ነው ይሉ ነበር። ከዚያ ወሬው ጠፋኝ።

ደብተሩ ግን ይኸው። (ደብተሩን አነሳሁ።) ሽፋኑን ምስጥ በልቶታል፣ ገጹ ደህና ነው። ያ ፍጻሜ ይሄ ነው። አንተ እዚያ መሃል የተቀመጥከው፣ አትደንግጥ፣ ፔርሙዙን አልወስድም፤ የእናትህ ነው። ግን ከአሲስትህ ላይ ሁለት ጭረት ልሰርዝ ነው። ከታች ባዶ መስመር አለ። የፓሎን 41 ለ 27 እዚያ እጽፈዋለሁ።

እስኪ እስክሪብቶ ያለው ልጅ ያቀብለኝ።